የሱማሌው በረኛ

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሬዲዮ የነበራቸው ሐጂ እንድሪስ ብቻ ነበሩ። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር አቡጀዲና ክር የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ሬዲዮው ከመደርደሪያው ላይ ዳንቴል ለብሶ እንደ እንግዳ ተከብሮ ይቀመጥ ነበር። ያን ዓመት የአፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግና አገራችን ለመጨረሻው ጨዋታ ከግብፅ ጋር ስትገናኝ፣ ሐጂ እንድሪስ ዳንቴሉን ገልጠው ሬዲዮውን ደጃፍ አወጡት። ጥምቀት ገና ማለፉ ስለነበር ሰው የክት ልብሱን አላወለቀም፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ቄሱ ሳይቀር ተሰብስቦ ያላየውን ሜዳ በጆሮው ያይ ነበር።

እኔ የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። እቴቴ ላቀች የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። ባላቸው ስለሞቱና ልጅ ስላልወለዱ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ሲራመዱ እንደሚቸኩል ሰው ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ ሴት። ክር ሊገዙ ወጥተው ነው እዚያው የቀሩት። ከኳስ ጋር ይተዋወቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ጨዋታው አቻ ሆኖ ጊዜ ሲጨመር ግን የገዙትን ክር ጣታቸው ላይ ሲጠመጥሙ ሲጠመጥሙ ጣታቸው ደም አጥቶ ሲነጣ አየሁ።

የመጨረሻው ጎል ሲገባ ገበያው ተናወጠ። ነጠላ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ሐጂ እንድሪስ አንዱን ዲያቆን አቅፈው ዘለሉ፣ እቴቴ ላቀችም እልል አሉ። እልልታቸውን ከጨረሱ በኋላ ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ምስኪን፣ የዚያ የበረኛው ነገር!» አሉ።

«የማን?» አልኳቸው።

«የግብፁ ነዋ። ይኼኔ ብቻውን ቆሞ ይሆናል።»

አጠገባችን የነበረ ጎረምሳ ሰምቶ ሳቀ። «እመት፣ ለገጠመን ቡድን ያዝናሉ እንዴ?»

«አንተ የምታውቀው ጎል የሚያገባውን ነው» አሉትና እጄን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ያኔ የጥር ምሽት ደብረ ታቦር ላይ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ ነበረው። ፀሐይ እንደጠለቀች ፋኖሱ በርቶ ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ፣ ምድጃው ውስጥ የወይራው ግንድ ፍም ሆኖ ቀይ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ከእርጥቡ ጫፍ የሚወጣው ጭስ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም አልራቅሁም። አባቴ ከእሳቱ ፈንጠር ብለው ገመድ ይገምዱ ነበር። እኔ ነገሩ ከንክኖኝ ስለነበር፣ «እቴቴ፣ በረኛ የት ያውቃሉ?» ስል ጠየቅኋቸው።

እሳቸው አባቴን አዩ። አባቴ ከገመዱ ቀና ሳይሉ፣ «ይንገሯት እቴቴ፤ ልጅቱ ደርሳለች» አሉ።

እቴቴ ላቀች ተረት ሲነግሩን የአውሬውንም የንጉሡንም ድምፅ እያወጡ ነበር። ያን ዕለት ግን በራሳቸው ድምፅ ብቻ ጀመሩ።

«ጣልያን ይህን ከተማ ይዞ ሳለ ነው። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ካምፑ ውስጥ የወታደር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ከየቤቱ ሲለቅሙ እኔንም ወሰዱኝ። ጣልያን ከየአገሩ ያመጣቸው ጥቁር ወታደሮች ነበሩት፤ ኤርትራዊው አለ፣ ሱማሌው አለ፣ የሊቢያው ዐረብ አለ፤ አስካሪ ነበር የምንላቸው። የካምፑን በር የሚጠብቀው አንድ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሱማሌ ነበር። ማታ ስንወጣ የተሸከምነውን ጨርቅ ፈትቶ ያይና ‹ሂጂ› ይላል። ከቋንቋችን የሚያውቀው ‹ነይ›ንና ‹ሂጂ›ን ነው። ሌሎቹ ሲሳደቡና ሲጎነትሉ እሱ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረንም። እኔ ግን ጠላሁት። ለምን አልጠላው? ወንድሜ አጥሩ ውስጥ ታስሮ!»

«የትኛው ወንድምዎ?»

በአገጫቸው ወደ አባቴ አመለከቱኝ።

የአባቴ የግራ ቁርጭምጭሚት ዙሪያውን ተልጦ የዳነ ጠባሳ ነበረው። በየዓመቱ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ይነክሩት ነበር፤ እኔ በሬ የረገጣቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን እግራቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡት።

«ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው» ብለው ቀጠሉ አክስቴ። «ጉና ተራራ ላይ ለነበሩት አርበኞች መልእክት ሲያደርስ ያዙት። ቀን ቀን እግር ብረቱን ፈተው ለእኛ ለአጣቢዎቹ ውኃ ያስቀዱት ነበር። እንስራውን አውርዶ ሲዞር ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ እህትና ወንድም መሆናችንን እንዳያውቁ አንድ ቃል አንለዋወጥም። ኋላ የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ እስረኞቹ በመኪና ተጭነው፣ በይፋግ ከተማ አድርገው፣ ባሕር ማዶ ወዳለ እስር ቤት ሊወሰዱ እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከዚያ የተመለሰ ሰው አናውቅም ነበር።

«በዚያው ሰሞን አለቃው ወታደሮቹን በኳስ ሊያጋጥም ተነሣ። ኤርትራው ለብቻ፣ ሱማሌው ለብቻ፣ ሊቢያው ለብቻ። የሚያሸንፈው ዋንጫ ይወስዳል ተባለ። እኛ ዋንጫ የምናውቀው ጠጅ የሚጠጣበትን ቀንድ ነው፤ ያ ግን የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነበር። ኳስም ብትይ ለገና በዱላ ሲመታ እንጂ በእግር ሲመታ አይተን አናውቅ። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሽማግሌዎች ‹ምን በድላቸው ነው እንዲህ የሚረግጧት?› ይሉ ነበር።»

አባቴ እዚህ ላይ ሳቅ አሉ።

«ሜዳው ከመውጫው በር አጠገብ ነው። በየጫፉ ሁለት ሁለት እንጨት ተከሉ። በበሩ በኩል ባለው መሃል ማን ቢቆም ጥሩ ነው? የእኛው ሱማሌ! ‹በሥራ ቀንም በር፣ በእሑድም በር› ብለን ሳቅንበት። ግን ሲጫወት ሳየው መሳቁን ተውሁት። ያን ረጅም ሰውነቱን እንደ ቀስት ወጥሮ ይወረወራል፤ መሬት ላይ ተፈጥፍጦ ኳሷን ደረቱ ላይ ሸጉጦ ይነሣል። የሚጠላ ሰው እንኳ ያደንቀዋል። እኔም አደነቅሁት፤ አልዋሽሽም።

«የተጫወቱበትን ልብስ ወዲያው እንድናጥብ እሑድም ያስገቡን ነበር። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ ኳሱ ሲጀመር ዘበኛ ሁሉ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጠ። በሁለተኛው እሑድ ውጭ የሚሰጣ ትልቅ የልብስ ሸክም አዝዬ በበሩ ወጣሁ። በሱማሌው ፈንታ የቆመው ዘበኛ ሣጥን ላይ ወጥቶ ጨዋታውን ያይ ነበር፤ ዞሮም አላየኝ። በሦስተኛው እሑድ፣ ኤርትራና ሱማሌ ለዋንጫው ሲጋጠሙ፣ ሁለት ቀሚስ ደርቤ ለብሼ ገባሁ።»

አባቴ ገመዱን አስቀምጠው፣ «ከማጠቢያው ጀርባ ነበር ያለበሱኝ» አሉ፤ «ቀሚሱ አጠረኝ። እግሬ እንዳይታይ ጎንበስ እንድል አደረጉኝ። ከባድ የእርጥብ ልብስ ሸክም ጫኑብኝና ፊቴን በነጠላ ሸፈኑኝ።»

«የለበሳትን የእስር ቤት ሸሚዝ ቀድጄ በወንዙ በኩል ያለው የሽቦ አጥር ላይ ሰቀልኋት» አሉ አክስቴ፤ «በዚያ የወጣ እንዲመስላቸው። ከዚያ ሁለታችንም ተሸክመን በዝግታ ሄድን። ከጎሉ ጀርባ አልፈን በሩ ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ቢቀረን ነው፣ አንዱ ኤርትራዊ አክርሮ መታትና ኳሷ ከእንጨቱ ውጭ ወጣች። እየተንከባለለች መጥታ ወንድሜ እግር ሥር ቆመች።

«በረኛው ሊወስዳት ሮጦ መጣ። ጎንበስ ሲል ዓይኑ የወንድሜ እግር ላይ አረፈ፤ ብረቱ የላጠው ቁስል ገና አልደረቀም። ቀና ብሎ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ያ ሰው በየማታው የሚፈትሸኝ ነው፤ ብቻዬን እንደምወጣ ያውቃል። ‹በቃ› አልሁ በሆዴ። ልለምነው ብል በምን ቋንቋ? እንባዬ ብቻ ወረደ።

«እሱ ኳሷን አነሣ። ‹ሂጂ› አለ። ወንድሜንም አየና ‹ሂጂ› አለው፤ ለወንድ የሚባለውን አያውቀውም። ከዚያ ሣጥን ላይ ወደቆመው ዘበኛ ዞሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ፣ በእጁም ወደ ማዶው ጎል አመለከተው። ያም ወደዚያው አፈጠጠ። እኛ ወጣን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላችን ታላቅ ጩኸት ሰማን። ያዙን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ለካ ጎል ነው። ሱማሌው ላይ ገባበት።»

«እናንተን እያየ ነበር?» ብዬ ጮህኩ።

«ልብስ አጣቢዎቹ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ኳሷ ስትመጣ ፊቱ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ደርሰን አለመያዛችንን ሊያይ ይሆናል፤ እንጃ። በዚያች ጎል ተሸነፉ። ያን ሁሉ እሑድ ሲያቅፉት የነበሩት ጓደኞቹ ዋንጫውን አስበላን ብለው ተፉበት። ማታ እስረኛ ሲጎድል እሱንም ጠርተው ጠይቀውታል፤ ‹ኳስ ነበር የማየው› አለ። ሸሚዟን ከሽቦው ላይ ስላገኙ በወንዙ በኩል ፈለጉ። ወንድሜ ግን ያኔ ጉናን ይዟል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሰኞ ጧት ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። ገበያ ሄጄ ተመለስሁ እንደማለት ነበር። አባቴ ግን ፊታቸውን ወደ ፍሙ አዙረው፣ «ባይመለሱ ጣልያኖቹ እናታችንን ይወስዱ ነበር» አሉ። «እኔ ተራራው ላይ ሆኜ እሳቸው በእግራቸው ሄደው እዚያ በር ገቡ።»

«ሱማሌው እዚያው ቆሟል» አሉ አክስቴ። «ከንፈሩ አብጧል። መትተውታል። እንደ ሁልጊዜው ጨርቄን ፈትቶ ፈተሸ። ከዚያ አንዲት አዲስ ቃል ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ‹ወንድም?› አለኝ። ‹ወንድሜ› አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ‹ሂጂ› አለ። ከጥቂት ወር በኋላ ጦሩ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ አብሮ ሄደ። ይኑር ይሙት አላውቅም። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

ያኔ የገባኝ ነገር ትንሽ ነበር። አባቴ ተይዘው ቢሆን ኖሮ እኔም አልኖርም ነበር ብዬ አስቤ ፈራሁና ጋቢያቸው ውስጥ ገባሁ። እያደግሁ ስሄድ ግን ያን ታሪክ በሌላ ዓይን አየሁት። ሁለቱ በማይግባቡበት ቋንቋ፣ በሌላ ሰው አጥር ውስጥ፣ ሌላ ሰው ባዘጋጀው ጨዋታ መሃል ተገናኝተው፣ አንዷ ነፍሷን ለአደጋ፣ አንዱ ክብሩን ሰጥተው ተለያዩ። አክስቴ ስለራሳቸው ድፍረት ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሲያነሡት የነበረው ሁልጊዜ የሱማሌውን ነገር ነው።

ትልቅ ልጅ ሆኜ አንድ ጧት ቤተ ክርስቲያን አብሬያቸው ሄድሁ። በጸሎት እንዲታሰቡላቸው የሚፈልጉትን፣ የሞቱትንም በሕይወት ያሉትንም፣ የዘመዶቻቸውን ስም ለቄሱ ይነግሩ ነበር፤ ቄሱም አንድ በአንድ ይጽፉ ነበር። የእናታቸውን፣ የባላቸውን፣ የወንድማቸውን ስም ካስጻፉ በኋላ፣ «አንድ ይቀራል አባ» አሉ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

«ክርስቲያንም አይደል። ስሙንም አላውቀው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጥራው?»

«እርስዎ ዝም ይበሉ። እኔ ቆሜ አስበዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ የአፍሪካ ዋንጫ አይቻለሁ፤ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም፤ ያኔ በሐጂ እንድሪስ ደጃፍ ያዘለለንን ጎል ማን እንዳገባው ግን ብጠየቅ ተሳስቼ ነው የምመልሰው። ከእኔ ጋር የቀረው የዚያች ጧት ዝምታ ነው። ቄሱ ሽማግሌ ነበሩ፣ ብርድም ነበር፤ ሊቆጧቸው ይችሉ ነበር። ግን ብዕራቸውን አስቀመጡ፣ መዝገቡን ሳይዘጉ ቆባቸውን አወለቁ፣ አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አስበው እስኪጨርሱ ድረስ አብረዋቸው ቆሙ።