ወደ እትዬ ዘርፌ ኮምፒውተር የተዘረጋው ገመድ

ከካርቱም የወጣን ማታ ሰው ሁሉ ወርቁንና ልብሱን ሲሸክፍ፣ እኔ ሽማግሌው የአሮጌ ኮምፒውተር ሳጥን አቅፌ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ኬላው ላይ አስወረዱኝ።

«ያ ሐጅ፣ ምንድን ነው ውስጡ ያለው?» አለኝ ወታደሩ።

«ሚስቴ» አልኩት።

ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ቀልደኛ ሽማግሌ በጦርነት አገር ዕድሜው አጭር ነው፤ ቶሎ ብዬ አስረዳሁት። ባለቤቴ አስካለ እዚያው ካርቱም ካረፈች ወዲህ ድምጿ የቀረው እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። «አላህ የርሐማ» ብሎ ምሕረት ለምኖላት አሳለፈኝ።

አሁን የምኖረው ኮልፌ፣ ከዓለም ባንክ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ የቀራችሁ ወዳጆቼ፣ ስንራገማት የኖርናትን ፀሐይ እዚህ ደጅ እየጠናሁላት ነው። ፉልም አለ፤ ያ የሰሊጥ ዘይት ግን ጠብ አይልበትም። እዚያ የማያውቅህ ሰው ከትሪው ዳር «ተፈደል!» ብሎ ና እንብላ ይልሃል፤ እዚህ አከራዬ በሩን ገርበብ አድርጋ «ምን ፈልገው ነው?» ትለኛለች። ዘርፌ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ አከራይ ናትና እትዬ እላታለሁ።

ልጄ ሰላም ከባሏ ጋር እዚያው ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ቀርታለች። በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ መቼ ነው የምታሰማኝ?» ትለኛለች። ችግሩ፣ የመንገዱ መንገጫገጭ የኮምፒውተሬን የድምፅና የፍላሽ መሰኪያ ሰባብሮታል። ደህና የቀረው የኔትወርክ መሰኪያው ነው። ዲስኩ ደግሞ ሲበራ ቋ ቋ ማለት ጀምሯል፤ ጨርሶ ሳይሞት ድምጿን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማሻገር አለብኝ። እትዬ ዘርፌ ሳሎን ውስጥ ሟቹ ባሏ የተወው፣ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አለ።

«በገመድ ላገናኛቸው ነው፣ እትዬ። ከኔ ወደ እርስዎ አንድ ነገር ይሄዳል።»

«ከኔስ ወደ እርስዎ?»

«ምንም።»

«ጎረቤቴም ምንም እያለ ነው ውሃዬን በፓምፕ ሲስብ የከረመው!» አለችና አሰበች። «እሺ። የእርስዎ ከላይ፣ የኔ ከታች ይሁን። የሮቶ ውሃ ወደ ላይ ሲፈስ አላየሁም።»

የኔ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ የእሷ ወለል ላይ ወረደ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ስሚንቶ ላይ ተንበረከክሁ። እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ገመዱን በጣቶቿ መሃል ይዛለች፤ የሚያልፍ ነገር ካለ ልትይዝ።

ሰካሁ፣ ጠበቅሁ። አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን አላየውም።

«ምንም አላለፈም» አለችኝ።

«እንደዚህ ጨምድደው ይዘውት እንዴት ይለፍ!» ብዬ ጮኽኩ።

አያችሁልኝ? ካርቱም ውስጥ የኮምፒውተር ቤት የነበረው ሰውዬ፣ በሮቶ ትምህርት ተጠምቆ ተነሳ! በልቤማ የሆነ ቁልፍ አጥፍታብኛለች ብዬ ጠርጥሬያት ነበር። እሷም የመብራት ቆጣሪውን አይታ እየተመለሰች እኔን በጎሪጥ ታየኛለች።

በመጨረሻ መሰኪያውን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ መብራቱ አልበራም። ያኔ ነው የባነንሁት። ሱቄ ውስጥ በኮምፒውተሮቹ መሃል አገናኝ ሳጥን ነበረ። እነዚህ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች በቀጥታ ሲገናኙ ግን የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ እንዲገጥም ገመዱ መሻገር አለበት። የኔ ገመድ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ ነበር ያገናኘው።

ከሱቄ በተረፈችኝ መቆንጠጫ የገመዱን አንድ ጫፍ ቆርጬ፣ አረንጓዴዎቹን ክሮች ከብርቱካናማዎቹ ጋር ቦታ አቀያየርሁና አዲስ መሰኪያ ገጠምሁለት። መብራቱ ቦግ አለ። ለሁለቱም እንደ ጎረቤት ቤት ተከታታይ ቁጥር ሰጠኋቸውና ድምጿን ላክሁት። ዲስኩ ቋ ቋ ይላል።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«እየሞተ ነው፣ እትዬ።»

ያኔ ጣቶቿን ከገመዱ ላይ አላላች።

ፋይሉ ተሻገረ። ሰላም ጋ ደውዬ ስልኩን የእትዬ ዘርፌ ኮምፒውተር ስፒከር ላይ ደገንሁት። አስካለ ሳሎኑን ሞላችው፦ «ክፍሌ! ይሄ ነገር እየቀዳ ነው እንዴ? አታሹፍብኝ! ሰላም፣ አባትሽን ና በይልኝ፣ ፉሉ ቀዘቀዘ…»

«አባዬ፣ ድገመው» አለችኝ ሰላም። ልደግመው ስል መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ ዘርፌ ወለሉ ላይ ያለውን ኮምፒውተሯን ታየዋለች።

«ጋሼ… ባሌስ እዚህ ውስጥ ሳል እንኳ ትቶ ይሆን?»

«አላውቅም። እንፈልግ?»

ኮምፒውተሯን ከወለል አንስታ ጠረጴዛው ላይ ከኔው ጎን አስቀመጠችና ገመዱን መልሳ በጣቶቿ መሃል ያዘች። እኔም ሰላም እስክትደውል አንድ ዓይኔን ስልኩ ላይ፣ አንዱን ገመዱን በያዘው የእትዬ ዘርፌ እጅ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።