73939133 በአማርኛ

ዛሬ አንድ ክፍል ሙሉ የጅቡቲ ልጆች በአማርኛ «ተረፈ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። ገና ቤት መግባታችን ነው።

ልጄ ሳሮን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ከመጣን ጀምሮ ፈረንሳይኛዋ ስለሚያሳፍራት ክፍል ውስጥ አትናገርም። ዛሬ ግን ወላጆች ባሉበት ስለ አንድ ቁጥር ማስረዳት ነበረባት።

ሰሌዳው ላይ 73939133 ብላ ጻፈች። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል አይካፈልም።

የመጨረሻውን አሃዝ አጠፋች። የቀረውም ብቸኛ ነው። ደግማ አጠፋች። አሁንም! አንድ አሃዝ ብቻ እስኪቀር ድረስ እንዲሁ ነው።

(የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ይሠራ ነበር፤ ላቤ ግን አልሰማም።)

739391 ላይ ስትደርስ አንድ ልጅ በፈረንሳይኛ «ውሸት! በሰባት ይካፈላል!» አለ።

ሳሮን ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ከዚያ ለሰባት ማካፈል ጀመረች፤ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። «ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት፣ አራት ተረፈ። ሰባት ጊዜ ስድስት አርባ ሁለት፣ አንድ ተረፈ።»

ልጁ ሳቀና «ተረፈ!» ብሎ ደገመላት። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሲተርፍና ለሰባት እንደማይካፈል ሲታይ ጣሪያው ሊነሳ ነበር።

«አባዬ፣ በአማርኛ መሆኑን እኮ አላወቅኩም!» አለችኝ ስንወጣ።

በሩ ላይ ያው ልጅ «ተረፈ!» ብሎ ጠራትና በፈረንሳይኛ «ነገ እንገናኝ!» አላት። እሷም በፈረንሳይኛ ጮክ ብላ መለሰችለት፤ ተሳስታ፣ ግድም ሳይሰጣት።

እናንተስ፣ ስትደነግጡ በየትኛው ቋንቋ ነው የምታሰሉት?