ለእህቱ የጨመረው ዘይት

ባሌን ሰው ሁሉ «ዘይቱ» ነው የሚለው። ሥራው የአረም መድኃኒት መርጨት ነው፤ ፓምፕ አዝሎ ከማሳ ማሳ ሲዞር ነው ፀጉሩ የሸበተው። መድኃኒቱ ላይ ማጣበቂያ ዘይት ሳይጨምር አይረጭም። በእጮኝነታችን ጊዜ እንኳ፣ ሌላው ለፍቅረኛው ሽቶ ሲገዛ፣ የእኔው ጉድ የአረም ቅጠል ይዞልኝ መጣ። ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ተንከባሎ ወረደ። ዘይት የገባበትን ጠብ ሲያደርግ ግን ጠብታው ተዘርግቶ ቅጠሉን አለበሰው። «አየሽ? አሁን ይጠጣዋል» አለኝ። በሳቅ ሞትኩ፤ ወደድኩትም።

ታላቅ እህቱ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿን የምታበላው ከአንድ የስንዴ ማሳ ነው። ያን ዓመት አረሙ ስንዴዋን ሊውጠው ሲደርስ፣ አዲስ የመጣ መድኃኒት ልንገዛላት ሄድን። ሻጩ እኔ እየሰማሁ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዘይቱ አብሮ የገባበት ነው። ምንም እንዳትጨምር፣ ስንዴውን ይለበልበዋል» አለው።

«እሺ» አለ። ማሳው ዳር ስንደርስ ያችን የዘይት ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ አልሰማህም እንዴ?»

«ለባዳ ጨምሬ ለእትዬ ልሰስት?» አለና፣ ለሌላው አንድ ክዳን የሚያደርገውን ለእሷ ሁለት ገለበጠበት። ያውም በጠራራ ፀሐይ!

በሳምንቱ ስንዴው ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቀ። እትዬ አየችና፣ «ተወው ወንድሜ፣ ለእኔው ብለህ ነው» አለችው። ምነው በሰደበችው! ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድለት አለ። ፓምፑን ከበሩ ጀርባ ሰቀለው፤ «ልጆቿ ምን ሊበሉ ነው?» እያለ ብቻውን ያወራል። አንድ ቀን ጠዋት፣ «የቀን ሥራ ሠርቼ እህሏን ሳልተካ ፊቷን አላይም» ብሎ በጭነት መኪና ሄደ። ስልኩን እንኳ ትቶታል።

በዚያው ቀን ከምሳ በፊት እትዬ አንድ ስንዴ ከነሥሩ ነቅላ እየሮጠች መጣች። የደረቀው ቅጠል መሐል ለምለም ቡቃያ ወጥቷል።

«ወንድሜ የት አለ? ስንዴው ልቡ አልሞተም፣ አገግሟል! ይምጣና ይይልኝ!»

«ዛሬ ጠዋት ሄደ» አልኳት። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በሾፌሮች ላክንበት። ግንባታ ቦታ ሲሚንቶ ሲሸከም አግኝተው ነገሩት፤ አላመነም። «እትዬ ናታ፣ እንዳይከፋኝ ብላ ነው» አለ አሉ። እሷን እንደሆነ ያውቃታል፤ ስታጽናናው ነው ያደገው።

ስንዴው ታጭዶ ቤቷ በገባ በወሩ፣ አንድ ሾፌር እትዬ በር ላይ ጆንያ አወረደ። ስንዴ ነው።

«ዘይቱ ነው የላከው፤ የከርሞውንም እልካለሁ ብሏል» አለን።

እትዬ ጆንያውን እቅፍ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ስንዴስ አለኝ» አለች፤ «ስንዴስ ነበረኝ።»