መዝጊያ የሌለው ጠመንጃ

ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭሮ ባለው የአያቴ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ባለ አንድ ጥይቱን የአደን ጠመንጃችንን አጋደመበት። ለድሮ መሣሪያ ሰብሳቢዎች የሚገምት ባለሙያ ነኝ ብሎ፣ ደብዳቤ አሳይቶ ነው የገባው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አላመንኩትም። ከማስተምርበት ከገለምሶ በሚኒባስ የመጣሁትም ለዚሁ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን ብቻውን ካገኘው ያታልለዋል ብዬ። ሻይ ላመጣለት እንኳ አልተነሣሁም፤ ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም።

ሰውየው ዝገቱን በጥፍሩ ቧጨር አደረገ፤ ዘይት በነካ ጥጥ እያሸ ቁጥሩን ፈለገ፤ አፈሙዙ ውስጥ ባትሪ አበራ። ከዚያ ገልብጦ ከኋላ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ አየና፣ «ጥይቱ የሚዘጋበት ብረትስ? መዝጊያው የታለ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከሌላ ገማች አፍ፣ በስምንት ዓመቴ ሰምቼዋለሁ።

ልጅ እያለሁ ያ ጠመንጃ ዝገት አያውቅም ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ሙሜ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ከሶላት መልስ ወደ እኛ ጎራ ብለው የስፌት መኪና ዘይት ይቀቡታል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ጠመንጃው የአያቴ የአባባ ተሰማ ቢሆንም አደኑ የሁለቱ ነበር። ድኩላ ሲመቱ ቢላዋው በተራ ነው፤ ዛሬ ኦቦ ሙሜ «ቢስሚላሂ» ብለው ካረዱ ሥጋው ሙሉ በሙሉ ወደ እነሱ ቤት ይሄዳል፤ በሚቀጥለው አባባ «በስመ አብ» ብለው ያርዱና እኛ ቤት ይጠበሳል። የአንዱ ቤት ሰው የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ በተራው ግን ተጣልተው አያውቁም። አባባ በሰው ሁሉ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ የሚተርቱ ሰው ነበሩ፤ ኦቦ ሙሜን ብቻ አይጠረጥሩም።

አንድ ጊዜ ኦቦ ሙሜ በደሳ ገበያ ላይ የተዋወቁት ገማች ቅዳሜ መጥቶ ጠመንጃውን ሊያይ እንደሚፈልግ ነገሩን። አባባ ለወዳጃቸው እሺ አሉ። ኦቦ ሙሜ ሲወጡ ግን የአባባ ፊት ጠቆረ። «ጠመንጃ ሊያይ የመጣ ቤትም ያያል» አሉ። ሰውየው በሰበብ አስባቡ እንዳይነጥቃቸው ፈሩ። መዝጊያ ከሌለው ደግሞ ማን ይመኘዋል? ችግሩ፣ በየዓመቱ ቁልቢ የሚወርዱ ሰው ናቸውና በሐሰት ከመማል ሞታቸውን ይመርጣሉ። ስለዚህ መዝጊያውን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «ሂጂ ደብቂው፤ የት እንደሆነ ግን ለእኔም እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። የማያውቁትን አላውቅም ብሎ መማል ምን ኃጢአት አለው!

እኔም በልጅ አእምሮዬ ከሁሉ የታመነ ነው ያልኩትን ቦታ መረጥኩ። ከኦቦ ሙሜ ልጅ ከፈቲያ ጋር ጠጠር የምንጫወትበት የእነሱ የድንጋይ ካብ ውስጥ ወሸቅኩት።

ቅዳሜ ገማቹ መዝጊያውን ሲጠይቅ አባባ ብድግ ብለው፣ «ቁልቢ ገብርኤልን! የት እንዳለ አላውቅም» አሉ። ገማቹን ይዘው የመጡት ኦቦ ሙሜ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አባባ በገብርኤል ስም እንደማይዋሹ ያውቃሉ፤ ከአባባ ሌላ ጠመንጃውን የሚነካ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አቶ ተሰማ፣ እኔን ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

አባባ እንግዳው ፊት ዘዴያቸውን እንዴት ያውጡ? ኦቦ ሙሜ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ገማቹ እንደሄደ አባባ «አምጪው» አሉኝ። ሮጬ ሄጄ ካቡን ብበረብር የለም። ተመልሼ የት ደብቄው እንደነበር ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ሙሜ አግኝቶታል ማለት ነው። እንግዲህ ራሱ ያምጣው። አንቺ ዝም በይ» አሉኝ። ኦቦ ሙሜ አላመጡትም። የዓርቡ ዘይት ቀረ፤ አደኑም ቀረ። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ዋሉ» ተባብለው ይተላለፉ ጀመር። አባባ እንደጠረጠሯቸው አረፉ። ኦቦ ሙሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ።

እና ባለፈው ወር የመጣው ገማች መልሴን እየጠበቀ ሳለ ፈቲያ ገባች። ጭሮ ውስጥ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ሰላም ሳትለኝ አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ፈታች። መዝጊያው ነበር፤ ቅንጣት ዝገት የለበትም። የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ።

«ያኔ ስጫወት ካቡ ውስጥ አግኝቼ፣ ያን ቅዳሜ ከእናንተ ቤት ሲመለስ ለአባቴ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ዓይን ዓይኔን እያየች። «ሌባ ሊያሰኙኝ ነው ያስቀመጡት አለ። ብመልሰው ሌባ እባላለሁ፣ ብጥለው ሌባ እሆናለሁ ይል ነበር። ወላሂ፣ እስኪሞት ዓርብ ዓርብ ዘይት ይቀባው ነበር።»

ገማቹ መዝጊያውን አንሥቶ ቦታው ላይ ከተተው። ቀጭ ብሎ ገባ። ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል ወይም እንደዚህ ያለ ነገር አለ፤ ማናችንም አልሰማነውም። ጨርቁን ጠቅልሎ እንዲሄድልኝ ለመንኩት። ከወጣ በኋላ፣ «እኔ ነኝ የደበቅኩት፣ ፈቲያ። አባትሽን ማንም ሊወነጅል አላሰበም» አልኳት።

አልጮኸችም። «አያትሽ ከሞቱ በኋላ አባቴ ስንት ዓመት በረንዳው ላይ ሲሰፋ ኖረ። አንቺም ባጠገቡ ስታልፊ እጁን ትስሚ ነበር። ለምን አልነገርሽውም?» አለችኝ።

ዛሬ ካቡ ፈርሶ በብሎኬት ተተክቷል፤ ጠጠር የምንጫወትበት ቦታ ላይ የባጃጅ ማቆሚያ አለ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዝም በይ ተብዬ ዝም አልኩ። አባባ ካረፉ በኋላ ግን ዝም በይ ያለኝ አልነበረም።