ዲስክ ውስጥ የጠፋችው ግመል

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ የጎረቤቴን ግመል አጠፋሁበት። ግመሏ እንኳ ቀድሞውንም ጠፍታ ከርማ አዳይቱ አካባቢ ሌላ ሰው መንጋ ውስጥ ተገኝታ ነበር፤ እኔ ያጠፋሁት ፎቶዋን ነው። በማግስቱ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠው «የማን ናት?» ሊሉ ነው። አንገቷ ላይ በእሳት የተተኮሰውን ምልክት ቁስል በልቶታል። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው በዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ፎቶው ደግሞ ያለው ሰመራ፣ ጎረቤቴ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

«ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ፣ ፎቶ ቤት አሳትሜው ከሰዓት በአይሱዙ እሄዳለሁ» ብሎኝ ወጣ። መገልበጥ ቡና ሳይፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን መቼ የተጠየቅሁትን ብቻ ሠርቼ አውቃለሁ?

አዋሽ ሳለሁ፣ ለጅቡቲ መኪኖች የጭነት ወረቀት በምንጽፍበት ቢሮ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የደፈርኩት እኔ ነበርኩ። ባልደረቦቼ ድፍረትን ከዕውቀት ሳይለዩ «ባለሙያው» አሉኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ጡረታ ወጥቼ ሰመራ ስገባ ማዕረጉን ከሻንጣዬ ጋር ይዤው መጣሁ።

የጎረቤቴ ኮምፒውተር ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፤ ፎቶው ያለው በኋላ በተጨመረው ላይ ነው። ዲስክና ኮምፒውተር የሚግባቡት ድራይቨር በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ በሏት። «ይንቀራፈፋል፣ እስቲ ላፍጥነው» አልኩና ከቤቴ ባመጣሁት ሲዲ ሌላ ድራይቨር ጫንኩበት። አጥፍቼ ሳበራው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ተደረደረበት። እንደገና አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ሰማያዊ። በሰመራ ፀሐይ ያን ያህል ሰማያዊ ባሕር ቢሆን ኖሮ ዘልዬ እገባበት ነበር።

ክዳኑን ፈታሁት። አቧራውን እፍ ስል ግማሹ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ሙቀቱ ይሆናል ብዬ ቬንቲሌተሩን ከራሴ ላይ ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩት፤ እሱ ቀዘቀዘ፣ እኔ ቀለጥኩ፣ ሰማያዊው ግን ንቅንቅ አላለም።

ጎረቤቴ ከዙህር ሶላት ሲመለስ ብሎን መሐል ተንበርክኬ አገኘኝ።

«ግመሌስ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኩት። «መብራቱም ከፍ ዝቅ ይላል። አቧራውም ቢሆን…»

«ተው» አለና ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። «ዳጉ ስጠኝ።»

ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ደንብ ነው። ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ከማን እንደሰማኸው ከመነሻው ትናገራለህ። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም፤ መዋሸትማ ስም ያጠፋል። ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስኖር ሲባባሉ ሰማሁ እንጂ እንዲህ ተይዤ አላውቅም።

«ገባሁ፣ አበራሁት» አልኩ።

«በራ?»

«በራ።»

«ግመሌን አየሃት?»

«አየኋት።»

«እሺ፣ ከዚያ?»

«ከዚያ ሰማያዊ ሆነ።»

«ወላሂ ዘለልክ! ዓይንህ ወደ በሩ ሄደ። አየሃት፤ ከዚያስ ምን ነካህ?»

«ሲዲ አስገባሁ።»

«የማን ሲዲ?»

«የኔ።»

«ለማን ኮምፒውተር የተሠራ?»

«ለ… ለኔው።»

ጎረቤቴ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አንስቶ ራሱ አደረገውና ግድግዳውን እየዳበሰ መራመድ ጀመረ። «አሁን ገና አየሁ፣ አንተ ሽማግሌ! አላህ ይስጥህ!»

ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴም የገባኝ። የነበረውን አስተርጓሚ ሳላሰናብት፣ የሌላ ቤት ቋንቋ የሚናገር ሌላ አምጥቼ አጠገቡ አስቀምጫለሁ። ሁለቱ እኩል ሲጮኹ ኮምፒውተሩ ራሱን ስቶ ይወድቃል። መነጽሬን አስመለስኩና፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንዷን ቁልፍ ደጋግሜ ተጭኜ በሴፍ ሞድ፣ ማለት ያለ እነሱ በማይነሳባቸው ፕሮግራሞች ብቻ፣ እንዲነሳ አደረግሁት። ያመጣሁትን ድራይቨር ፈልጌ አጠፋሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ስናበራው ጎረቤቴ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ የኔማ ከቆመ ቆይቷል።

ግመሏ አንገቷን ሰግጋ ብቅ አለች፤ ምልክቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኋላዋ አንድ ሰውዬ ጫማውን በእጁ ይዞ ይሮጣል። እኔ ነኝ። አብሬያት ፎቶ ልነሳ ሄጄ፣ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ሐሳቤን ቀይሬ ነው።

ፎቶውን ፍላሽ ላይ ገልብጬለት ሄደ። ከአዳይቱ ሲመለስ እኔ ቀድሜ «ዳጉ!» አልኩት።

«ያ ሰውዬ ምልክቱን አየና ራሱ ‹ያንተ ናት፣ ከኔዋ ጋር ተመሳስላብኝ ነው› አለ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ የተከራከሩት ፎቶው ላይ በምትሮጠው ባንተ ጉዳይ ነው።»

«በኔ?»

«ግማሾቹ ‹ደገኛ ሌባ ነው› አሉ፣ ግማሾቹ ‹የለም፣ ደገኛ እንግዳ ነው› አሉ። ‹ባለሙያ ነው› ስላቸው ሁሉም ሳቁ።»

ግመሏ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ከዘንባባ ቅጠል በተሰፋ ዕቃ ወተቷን ሙሉ አድርጎ ላከልኝ። ወተቱን ጠጣሁት፤ ሆዴ የመለሰልኝን ለራሴ ልያዘው። ዕቃው ግን እስካሁን እኔ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ከወተት ሌላ ነገር ከገባበት ደግሞ ዕቃው ይበላሻል። የግመል ወተት ልሙላ ብል፣ በሰፈራችን ግመል ያለው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

«ዕቃዬስ?» ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር።

«ኢንሻአላህ» እለዋለሁ፣ መስቀሌን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ፣ እርምጃዬን ፈጠን አድርጌ።