በእጅ ብልጫ የተመለሰ እንግሊዝኛ

ዛሬ አዳማ መናኸሪያ ውስጥ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ክንዴን ጨምድዳ «ግለሂስ አድርግ!» አለችኝ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጓደኛዬ አበበች ናት። ከስንት ዘመን በኋላ ሰላምታዋ ይኼ ነው!

በደርግ ጊዜ፣ ለማትሪክ የእንግሊዝኛ ምንባብ ስንለማመድ፣ ክፍሉ የነበረው አንድ መጽሐፍ ነው። የምንባቡ መጨረሻ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ጥያቄው ግን አለ፦ «ሰውዬው ለምን ወደ መንደሩ ተመለሰ?»

መምህራችንም አያውቁትም። ስለዚህ እንደ ቀበሌ ስብሰባ እጅ አስወጡን።

ክፍሉ በሙሉ «ሲ፣ ሕዝቡን ሊያገለግል» አልን። አበበች ብቻዋን «ቢ፣ ጃንጥላውን ረስቶ» አለች።

የክፍሉ አለቃ እኔ ነበርኩ። «ጓዲት አበበች ጥፋቷን አምና ግለሂስ ታድርግ!» አልኩ። አደረገች።

(ማትሪክ በእጅ ብልጫ እንደማይታረም የገባን ውጤት ሲመጣ ነው።)

ዛሬ ሙሉውን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች። «አሮጌ መጻሕፍት ተራ ካገኘሁት ጀምሮ አንተን ስፈልግ ነበር» አለችኝ።

አነበብኩት። ሰውዬው ጃንጥላውን ረስቶ ነው።

እዚያው ተሳፋሪው ፊት ቆሜ ግለሂሴን አደረግኩ። አበበች ወደ ሰዉ ዞራ «የምትቀበሉት እጅ አውጡ!» አለች።

አንድም እጅ አልወጣም።

እስቲ የተማሪነት ጥፋት ያለባችሁ እዚህ ሥር ተናዘዙ፤ ብቻዬን አልዋረድ።