እኩል መጮህ

በደርግ ጊዜ ቦሌ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ አንድ የቴኒስ ሜዳ ላይ እሠራ ነበር። ቀዩን አፈር በእርጥብ ጆንያ አስተካክላለሁ፤ መስመሩን በኖራ አሰምራለሁ። ያን ጊዜ ወረዳውን ከፍተኛ ነበር የምንለው፤ ያሳደግኳት የልጄ ልጅም እዚያው ለከፍተኛችን ቡድን ትጫወት ነበር። የጥንድ ጨዋታ አጋሯ ከቡልቡላ በእግሯ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ናት። ሁለቱ ለከተማው ውድድር አንድ ላይ ታጭተዋል።

አሰልጣኙ የልጄን ልጅ ከሜዳው ማዶ ሆኖ ይጮህባታል። «እግርሽን አንሺ! ተኝተሻል እንዴ?» አውሮፕላን ሲነሳ እንኳ አፉን ከፍቶ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል። የቡልቡላዋን ግን አጠገቧ ድረስ ሄዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞሽ» ነው የሚላት። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ከተጫዋች እስከ ዘበኛ ሁሉም እየተነሳ መጀመሪያ የሌላውን፣ ቀጥሎ የራሱን ጥፋት ይናገራል። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ።

«ጓድ አሰልጣኝ፣ ለአንዷ ማር፣ ለሌላዋ ሬት ታቀምሳለህ። እኩልነት እኩልነት ትላላችሁ፤ የታለ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ዛሬስ ጓድ እማማ ተነሱ!» ብሎ ሰዉን አሳቀ። አሰልጣኙ ግን አልሳቀም። «ሂሱን ተቀብያለሁ፣ እማማ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱንም እኩል ነው የምይዘው» አለ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ በሁለቱም ላይ እኩል ጮኸ። ማክሰኞ የቡልቡላዋ ልጅ ጨዋታውን ለመጀመር ኳሱን ወደ ላይ ወርውራ ስትመታው መረቡ ጋ እንኳ አልደረሰም። ረቡዕ ቀረች። ሐሙስም አልመጣችም። አጋር ከሌለ ደግሞ ውድድር የለም።

ማታ የልጄ ልጅ ተቆጣችኝ።

«ጩኸቱን ጠላሁት ብዬሻለሁ?»

«ሰው ፊት ሲያዋርድሽ ዝም ልበል?»

«እኔ ሲጮህብኝ እልህ ይይዘኛል፤ ደህና የምመታውም ያኔ ነው። ዝም ካለኝ ተስፋ ቆረጠብኝ እላለሁ። እሷ ደግሞ እንደኔ አይደለችም። አንቺ አንዳችንንም ሳትጠይቂ ፈረድሽ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ስረግም የኖርኩ ሴት ነኝ።

ለወትሮው ግለ ሂሴ «አንዳንዴ አረፍዳለሁ» የምትል ነበረች፤ አርፍጄ ግን አላውቅም። በዚያ ቅዳሜ እውነተኛውን ተናገርኩ። «ያለፈው ሂሴ ስህተት ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷንም ሄጄ አመጣለሁ» አልኩ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። አሰልጣኙ፣ «ብቻዎን አይሄዱም» ብሎ ተከተለኝ።

ቡልቡላ ስንደርስ እናቷ በራፉ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ «ኮታ፣ ኑ ግቡ» ብላ ተቀበለችን። ልጅቷ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች።

«ጩኸቱን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ፤ እሱን አትቀየሚው» አልኳት።

አሰልጣኙ ጎንበስ አለና ከዚያ በፊት ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቃት። «እንዴት ብናገርሽ ይሻልሻል?»

ምሰሶውን ለቃ ወደ እሱ ዞረች። «ስሳሳት ቀርበው ይንገሩኝ። ከሩቅ ሲጮሁብኝ ሰብል ውስጥ የገባች ላም የሆንኩ ይመስለኛል።»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። አሰልጣኙም ሳቀ። «እሺ፤ እቀርባለሁ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ደረሰች። አሰልጣኙ አንዷ ላይ ከማዶ ይጮሃል፤ ወዲያው ደግሞ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ቆመ።

«እማማ፣ የእርስዎ ፍትሕ እግር ትጨርሳለች።»

«ገና ምን አየህ! ሂድ፣ የቡልቡላዋ እየጠበቀችህ ነው» አልኩት።

ሄዶ አንድ ነገር ነገራት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና ኳሱን ወደ ላይ ወረወረች።